የደብር ትምህርት ቤት ፈርሶ ሲሠራ ሰፈሩን ስታማክሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስም በሉ በፍኖተ ሰላም፣ ከተማ መሀል ያለ አሮጌ የደብር ትምህርት ቤት አፍርሶ ሌላ ለመሥራት የተነሣ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚያስበው ገንዘቡን ነው። ሰፈሩ ትዝ የሚለው ኋላ ነው፤ ነገር የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ንድፉ ካለቀ በኋላ ሰው መጥራት ነው። ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ በቀለም ታትሞ ከተሰቀለ በኋላ «አስተያየት ስጡን» ቢባል፣ ሰው ነገሩ እንዳለቀ ያውቃል። አጨብጭቦ ይሄድና ቡና ላይ ያማችኋል። ንድፍ ሳይሣል ሰውን ጥሩ፤ ግን የማይነካውን አስቀድማችሁ ንገሩ፦ ይዞታው የደብሩ ነው፣ ትምህርት ቤቱ አይዘጋም፣ ያለን ገንዘብ ይህን ያህል ነው። የሚከራዩ ሱቆች የሚኖሩ ከሆነ በየት በኩል ይዙሩ፣ ለልጆች መጫወቻ ምን ያህል ይቅር፣ የግቢው ጥድ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ግን በእውነት ክፍት ይሁን። ጥዱን አትናቁት። ስለ ሕንፃው አንድም ቃል ያልተናገረ ሽማግሌ ስለ ዛፉ ሊጣላችሁ ይችላል፤ እኔ ብጠየቅ ከሽማግሌው ጋር ነኝ።

ሰበካ ጉባኤውን እንደ ሰፈር መቁጠርም አለ። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. በደብረ ኤልያሱ ተወላጅ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ሲወጣ፣ ጉባኤው ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን እንዲያቅፍ ተደርጎ ነው። ለደብሩ ጉዳይ ይበቃል። ልጁን እዚያ የሚያስተምረው ሙስሊም ነጋዴ፣ ከአጥሩ ጀርባ ተከራይታ ጠላ የምትሸጠው እናት፣ በሩ ላይ የሚቆመው የባጃጅ ሹፌር ግን እዚያ ውስጥ የሉም።

ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት «የሚቃወም አለ?» ማለትም ምክክር አይባልም። መስቀል የያዙ አባት ፊት ማን እጁን ያወጣል? ዕድሩ በሚሰበሰብበት ቀን አስፈቅዳችሁ ሂዱ፤ እናቶችን ለብቻ ጠይቁ። በፍልሰታ ግቢው ሞላ ብላችሁም አትታለሉ፣ ሰው የመጣው ለሱባኤ ነው።

የቆሎ ተማሪውን መርሳት ደግሞ ጎጃም ላይ ነውር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስና ዲማ በትምህርታቸው ስም ያተረፉት ጎጆ ቀልሰው፣ ቁራሽ ለምነው በተማሩ ልጆች ነው። መሐንዲስ ግን የግቢውን ጥግ ጎጆዎች ባዶ ቦታ አድርጎ ሊሥላቸው ይችላል። የኔታን ሄዳችሁ ጠይቋቸው፦ ግንባታው እስኪያልቅ ተማሪዎቹ የት ያድራሉ? የትምህርቱ ጉባኤ የት ይዘረጋል? የምትሰጧቸው ተስፋ በጽሑፍ ይሁን።

«መሬቱ የእኛ ነው፣ ማንን እንጠይቃለን?» የሚል አይጠፋም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ደብሩ ያለው ይዞታ ነው። ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሰው ሐሳቡን እንዲሰጥ መጠየቁም በአንቀጽ 43 የተጻፈ መብቱ እንጂ ችሮታችሁ አይደለም። ሱቅ ለመጨመር ካሰባችሁ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ እዩ። ፕላኑ በከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 መሠረት ለ10 ዓመት የሚያገለግል ነውና፣ የማይፈቀድ ነገር ለሰፈሩ አስመኝታችሁ መመለስ ያሳፍራል።

ከሱቆቹ ስለሚገኘው የኪራይ ገንዘብ ዝም አትበሉ። ለመምህራን ደመወዝ ነው? የተማሪውን ክፍያ ይቀንሳል? ካልነገራችሁት ሰው የራሱን መልስ ይሰጣል፤ የሚሰጠውን ደግሞ አትወዱትም።

በመጨረሻ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ተደግፏል» ብሎ መዝጋት ይቅር። ተቃውሞውንም ጻፉት። የትኛውን እንደተቀበላችሁ፣ የትኛውን ለምን እንዳልተቀበላችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ፣ አንድ ገጽ ሳይበልጥ፣ በግቢው በርና በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ቁፋሮው ሳይጀመር።