«በልቼ መጣሁ» በስፓኒሽ፦ የኼሩንዲዮ ችግርና መፍትሄ

ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት፣ ትግላችን ሐውልት አካባቢ፣ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለ። እዚያ የማገኛቸው ጋሼ በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ኩባ ተልከው፣ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በምትባለው ደሴት የተማሩ ናቸው። ስፓኒሽን እንደ ውሃ ጠጥተውታል።

አንድ ቀን «ና ምሳ እንብላ» ሲሉኝ «ኮሚየንዶ ቢኔ» አልኳቸው። በልቼ ነው የመጣሁት ማለቴ ነበር። እጄን አዩ። ከዚያ ኪሴን አዩ። «የታለ ታዲያ ምግቡ?» አሉኝ። ለካ እየበላሁ መጣሁ ብያቸው ኖሯል።

ችግር፦ «በልቼ» ያላችሁት «እየበላሁ» ሆኖ ይሰማል

ኼሩንዲዮ ማለት በ«አንዶ» ወይም በ«የንዶ» የሚያልቀው የግስ ቅርጽ ነው። አብላር (መናገር) አብላንዶ ይሆናል፣ ኮሜር (መብላት) ደግሞ ኮሚየንዶ። ፈረንጆች የአማርኛ ሰዋስው ሲጽፉ የእኛን ቦዝ አንቀጽ፣ እነ «በልቶ»ን፣ ጀራንድ ይሉታል። ስሙ አንድ ስለሆነ ሥራውም አንድ ይመስለናል። አይደለም። «በልቼ መጣሁ» ስንል መብላቱ አልቋል፣ ከዚያ መምጣቱ ተከተለ። ስፓኒሹ ግን ሁለቱን ድርጊቶች አንድ ላይ ያስኬዳቸዋል።

መፍትሄው፦ ዓረፍተ ነገራችሁን በ«እየ» ቀይሩና ስሙት። «ሮጦ ገባ» ወደ «እየሮጠ ገባ» ቢዞር ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ «ኤንትሮ ኮሪየንዶ» በሉ፣ ልክ ናችሁ። «አልቅሳ ነገረችኝ»ም እንደዚሁ፣ «ሜ ሎ ዲኾ ዮራንዶ»። «በልቶ መጣ» ግን «እየበላ መጣ» ሲሆን ሌላ ወሬ ሆነ። እዚህ ላይ ኼሩንዲዮን ተዉት። «ኮሚ ኢ ቢኔ» (በላሁና መጣሁ) ወይም «ቢኔ ዴስፕዌስ ዴ ኮሜር» (ከበላሁ በኋላ መጣሁ) በሉ። ለግብዣ ከሆነማ «ያ ኮሚ፣ ግራሲያስ» ይበቃል። በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ።

«ሳልበላ መጣሁ»ስ? «ቢኔ ሲን ኮሜር»። ይቺን ቀድሜ ባውቃት ኖሮ ያን ቀን ምሳ አያመልጠኝም ነበር።

ችግር፦ «ሶይ ትራባኻንዶ» ስትሉ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል

ጥፋቱ የ«ነኝ» ነው። እኛ «ሐኪም ነኝ»ም «እየሠራሁ ነኝ»ም እንላለን። ስፓኒሽ ሁለት «ነኝ» አለው፣ ሶይ እና ኤስቶይ። ከኼሩንዲዮ ጋር «እያደረግሁ ነው» ለማለት የሚሄደው ኤስቶይ ብቻ ነው፦ ኤስቶይ ትራባኻንዶ። አለቀ። (የኸ ድምፅ ላይ እንኳን እኛን የሚያህል የለም። ሜክሲኮ አደባባይ ቆማችሁ «ሜኺኮ» በሉ፣ የአገሬው ሰው ትመስላላችሁ።)

ችግር፦ ነገ ስለምትሄዱበት ስታወሩ አሁን መንገድ ላይ ያላችሁ ይመስላል

«ማኛና ኤስቶይ ዬንዶ ኣ ሐዋሳ» ስህተት ነው። እዚህ ላይ አማርኛን አትውቀሱ፣ ከትምህርት ቤት የመጣው እንግሊዝኛችን ነው ጥፋተኛው። አማርኛችን «ነገ ሐዋሳ እሄዳለሁ» ይላል፣ ስፓኒሹም ከእሱ ጋር ነው፦ «ማኛና ቦይ ኣ ሐዋሳ»።

እንግሊዝኛው ሌላም ቦታ ያሳስታል። «ተቀምጧል» ለማለት «ኤስታ ሴንታንዶ» የሚል ብዙ ነው። ይህ ሌላ ሰው እያስቀመጠ ነው ማለት ይሆናል። ትክክሉ «ኤስታ ሴንታዶ»። «ማጨስ መጥፎ ነው» ለማለትም «ፉማንዶ ኤስ ማሎ» አይባልም፣ «ፉማር ኤስ ማሎ» ነው። አማርኛው «ማጨስ፣ መብላት፣ መሄድ» እያለ በመ ቤት ከተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ስፓኒሹ በ«ር» ያልቃል። «የሚያወራው ሰውዬ»ም በአማርኛው መንገድ ነው የሚሄደው፦ «ኤል ኦምብሬ ኬ አብላ»። ከእንግሊዝኛ ይልቅ አማርኛን አምናችሁ ብትተረጉሙ እዚህ አካባቢ ስህተታችሁ በግማሽ ይቀንሳል ባይ ነኝ።

ችግር፦ ቅርጹ ራሱ አፍ ላይ ይሰበራል

ዶርሚር (መተኛት) ዶርሚየንዶ አይሆንም፣ ዱርሚየንዶ ነው። ዴሲር (ማለት) ዲሲየንዶ፣ ፔዲር (መጠየቅ) ፒዲየንዶ፣ ሌኤር (ማንበብ) ሌዬንዶ፣ ኢር (መሄድ) ዬንዶ ይሆናሉ። እነዚህን መሸምደድ ነው።

ችግር፦ «ስማር ስምንት ወር ሆነኝ» ለማለት ቃል ይጠፋል

ብዙ ሰው በ«ኤስቶይ» ሊገጣጥመው ይታገላል። የስፓኒሽ ሰው ግን ጊዜውን «ተሸክሞ» ነው የሚናገረው። ዬባር መያዝ፣ መሸከም ማለት ነው። «ዬቦ ኦቾ ሜሴስ ኤስቱዲያንዶ»፣ ቃል በቃል «ስምንት ወር ይዣለሁ እየተማርኩ»። አሁንም ካልተዋችሁት «ሲጎ ኤስቱዲያንዶ» በሉ፣ እየተማርኩ ቀጥያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ስንት ጊዜ ሆነህ ሲሉኝ በዚህችው ዓረፍተ ነገር መለስኩላቸው። «ኢ ያ ኮሚስቴ?» አሉኝ። በልተሃል ወይ ማለታቸው ነው። «ኖ» አልኩ ቶሎ።