ክሊቭ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ግስ እንዴት እንረዳት፣ የትስ እንጠቀማት?

ክሊቭ የምትል የእንግሊዝኛ ግስ አለች፣ በወሬ መሀል ብዙም አትሰማም ግን መጽሐፍ ቅዱስን በእንግሊዝኛ የሚያነብ ወይ ካምፓስ ባዮሎጂ የሚማር ሰው ማግኘቱ አይቀርም። አስቸጋሪው ነገር መሰንጠቅም ነች መጣበቅም ነች፣ ፍፁም ተቃራኒ ማለት ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ክሌኦፋን መሰንጠቅ ነበር፣ ክሊፊያን ደግሞ መጣበቅ፣ ሁለት የማይገናኙ ቃላት ናቸው፣ በጊዜ ብዛት አነጋገራቸው እየተቀራረበ መጥቶ አንድ ሆነው ቀሩ።

እና ስታነቡ ከኋላዋ የሚመጣውን እዩ። ቱ ካለ መጣበቅ ነው፣ አለቀ። በ1611 የታተመው ኪንግ ጄምስ ዘፍጥረት 2፥24 ላይ «ሻል ክሊቭ አንቱ ሂዝ ዋይፍ» ይላል፣ አንቱ የምትለዋ ያው የድሮ ቱ ነች፣ የኛው ደግሞ «በሚስቱም ይጣበቃል» ነው የሚለው፣ ይቺን ጥቅስ ከያዛችሁ ይሄኛው ትርጉም አይጠፋችሁም።

ቱ ከሌለና የሚሰነጠቀው ነገር ቀጥታ ከተከተለ ግን መሰንጠቅ ነው። ባዮሎጂ ላይ «ትሪፕሲን ክሊቭስ ፕሮቲንስ» ሲል ኤንዛይሙ ፕሮቲኑን ይቆርጠዋል እያለ ነው፣ ያውም ላይሲንና አርጂኒን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ጋ ሲደርስ።

ሰው በጣም የሚምታታበት ያለፈ ጊዜው ላይ ነው። ለመጣበቅ ዛሬ ክሊቭድ ብቻ በሉ። ለመሰንጠቅ ክሊቭድም ክሌፍትም ክሎቭም አለ፣ ክሎቭ ግን አሁን ያረጀ ስለሚመስል ባትጠቀሙት ይሻላል፣ የላብ ሪፖርት ላይ ደግሞ ሁሌም ክሊቭድ ነው። እንዳሉ መያዝ ያለባቸውም አሉ፦ ዘሌዋውያን ላይ ሰኮናው የተሰነጠቀ የሚባለው እንስሳ ክሎቨን ነው፣ ሲወለድ ከንፈሩ ወይ ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ ያለበት ችግር ደግሞ ክሌፍት ይባላል፣ እነዚህን ማለዋወጥ አይቻልም። ሥጋ ቤት አጥንት የሚሰበርበት ሰፊው ቢላም ክሊቨር የተባለው ከዚሁ ነው።

ራሳችሁ ስትጽፉ እምነት፣ ልማድ፣ ሐሳብ ላይ ሙጭጭ ላለ ሰው ተጠቀሙባት፣ «ሺ ክሊቭድ ቱ ኸር ፌይዝ» በጣም ያምራል። ፖስታ ላይ ለተለጠፈ ቴምብር ግን ስቲክ በሉ፣ እንጨት ለሚፈልጥ ሰውም ስፕሊት ይበቃል።