ዲኤክስ፣ ቮልስ፣ ላዳ፦ «ዕቃው ቆሟል» ሲሏችሁ

ለአሮጌ መኪናው መለዋወጫ ፈልጎ «ሶማሌ ተራን ዞሬ ጨረስኩ፣ የለም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው አለ። የተጠየቀው በተሳሳተ ስም ነው። ከውጭ የገባ ያገለገለ መኪና መግዛት ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ ወዲህ የማይታሰብ ስለሆነ አሮጌዎቹ ገና ብዙ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ዕቃ መፈለግን እንደ ሙያ መያዝ ነው።

ችግር፦ «ፋብሪካው አቁሞታል» ተባላችሁ

ምክንያት፦ «የዲኤክስ» ብላችሁ ጠየቃችሁ። ዲኤክስ የቶዮታ ኮሮላ የደረጃ ስም ነው። ኬኢ70 የሚባለው ሞዴልም ኢኢ80ም ዲኤክስ ይባላል። የመጀመሪያው 4ኬ ሞተር ይዞ በኋላ እግሩ የሚነዳ ነው፤ ሁለተኛው በ2ኢ ሞተር በፊት እግሩ። ሻጩ የትኛውን ይስጣችሁ?

መፍትሄ፦ ከሻንሲ ቁጥሩ ተነስታችሁ የዕቃውን ቁጥር አውጡ። የቶዮታ ቁጥር ባብዛኛው አሥር አኃዝ ነው፤ አምስት፣ ሰረዝ፣ አምስት። የድሮው ቁጥር ቆሞ ሌላ ሊተካው ይችላል፤ «በምን ተተካ?» ብላችሁ ጠይቁ። የኬ ሞተር ቤተሰብ ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ 5ኬ በላይትኤስ ሚኒባስና በፎርክሊፍት (በዕቃ ማንሻ) ላይ ብዙ ቆይቷል። ፎርክሊፍት ዕቃ የሚሸጡትን አትለፏቸው። ግን ተጠንቀቁ፦ የ4ኬ ሲሊንደር 75 ሚሜ ነው፣ የ5ኬ 80.5። ፒስተን፣ ቀለበትና የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ) አይገናኙም። «ይሆናል፣ ውሰደው» የሚል ሻጭ ሞተራችሁን አይከፍትም።

ችግር፦ ዕቃው ተገዛ፣ አልገባም

ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ እነዚህ ናቸው። ከነሱም ውስጥ ፍሪሲዮን ሸራ (ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኘው ዲስክ) የሚበልጠው የለም።

ምክንያት፦ ሸራው ሁለት ጌታ አለው። የውጪ ስፋቱ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ ካለው ከባድ ክብ ብረት) ጋር፣ የመሃል ጥርሱ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር መግጠም አለበት። ስፋቱን ሞተሩ ይወስናል፣ ጥርሱን ካምቢዮው። እኛ ጋ ያለ የ40 ዓመት መኪና ሞተሩና ካምቢዮው አብረው ከፋብሪካ ወጥተዋል ብላችሁ አትገምቱ። ሊብሬው ላይ 4ኬ፣ ብሎኩ ላይ 5ኬ ያነበብኩባቸው መኪኖች አሉ። (ይሄ ለዓመታዊ ምርመራም ራስ ምታት ነው፤ ለብቻው የሚወራ ጉዳይ።) እንዲህ ያለ መኪና የትኛውም ካታሎግ ውስጥ የለም።

አንድ ደንበኛ አዲስ ሸራ አስገጥሞ፣ መኪናውን አስጎትቶ መጣ። የሸራው ስፋት ልክ ነው። ጥርሱ ግን ለዘንጉ ትንሽ ጠቦ ስለነበር የፊተኛው መካኒክ በሞረድ አስፍቶ፣ በመዶሻ አስገብቶታል። በመዶሻ! ሸራው ዘንጉ ላይ ተቸክሎ ቀረ። ፍሪሲዮን ሲረገጥ አይለቅም፣ ማርሽ ሲገባ ካምቢዮው ያንቋቋል። ሸራው ተጣለ፣ የዘንጉ ጥርስም ተበላሸ። ሌላው ደግሞ አሮጌውን ሸራ ሳያመጣ «ልኩን ስጠኝ» ይላል። የት አለ ስለው ቁራሌው ወስዶታል። ለመለካት ብቻ ካምቢዮ አወረድን።

መፍትሄ፦ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። እንዳትጥሉት፣ ጋራዡም እንዲጥልባችሁ አትፍቀዱ። በካሊፐር የውጪ ስፋቱን፣ የመሃል ቀዳዳውን፣ የመሃሉ ጉብታ በየትኛው በኩል እንደሚረዝም ለኩ። ጥርሱን ቁጠሩ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ይቁጠረው። አዲሱን ካምቢዮ ከመስቀላችሁ በፊት ዘንጉ ላይ በእጅ አስገቡት። ሳይዝ፣ ሳይንገጫገጭ መንሸራተት አለበት።

ጭራሽ ከጠፋ የድሮውን መሃል ይዞ አዲስ ሸራ በሪቬት ማስመታት ይቻላል። የመሃሉ ስፕሪንጎች ያልላሉ፣ ጥርሱም ያልተበላ ከሆነ ብቻ። የሪቬቱ ራስ ከሸራው ወለል በታች መቀበር አለበት፤ ካልሆነ ቮላኖውን ያርሰዋል። የድሮ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕረሰር አትንፉት፤ ልጆቹንም አታስነፉ። የሞተሩ የኋላ የዘይት ሲል (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) የሚያንጠባጥብ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። አዲስ ሸራ ዘይት ለማጠጣት አይገዛም።

ችግር፦ የፍሬን ጎሚኒ ተቀይሮ ወዲያው አፈሰሰ

ምክንያት፦ ጎሚኒው የፍሬን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጎማ ነው፤ ወይ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ነው፣ ወይ በቤንዚን ታጥቧል። «ኦሪጅናል፣ የድሮ ስቶክ» የሚል ምስጋና ለጎማ ዕቃ ስድብ ነው።

መፍትሄ፦ አጥፋችሁ እዩ፤ ከሰነጠቀ መልሱ። በፍሬን ዘይት ብቻ እጠቡ። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን ልክ አንብቡ፤ 11/16 እና 3/4 ኢንች ልዩነታቸው ከ2 ሚሜ አይሞላም፣ በዓይን ይሸውዳል።

ችግር፦ ኩሽኔታና የዘይት ሲል «ለዚህ መኪና የለም»

የመኪናውን ስም ተዉት። የዕቃው ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ቤት ሂዱ። 6203 የሚል ኩሽኔታ በየትኛውም ማሽን ላይ 17 በ40 በ12 ሚሜ ነው (ውስጡ፣ ውጪው፣ ውፍረቱ)። የቶዮታ የዘይት ሲል በ90311 ከጀመረ ከሰረዙ በኋላ ያሉት ሁለት አኃዞች የውስጥ ልኩን ይነግሯችኋል።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ቡሽ (ዘንግ የሚያልፍበት ቀለበት) ቶርኖ ቤት ይሠራል። የመሪና የፍሬን ዕቃ ግን አታስቀርጹ፣ በምንም ዋጋ።

ላዳ፦ ኒቫ (የላዳ ጂፕ) ዛሬም ይመረታል፤ የ2106 ሞተር ዕቃ ስትፈልጉ የኒቫ 2121ንም ጠይቁ፣ የአንድ ቤተሰብ ሞተር ናቸው።

ቮልስ (ቮልስዋገን ቢትል)፦ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስለተመረተ ዕቃ አይጠፋም። ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ከመግዛታችሁ በፊት ግን የቮላኖውን ጥርስ ቁጠሩ፦ የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ነው።