የቤት ኦርኪድ ችግርና መፍትሄ፦ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አካባቢው ላሉ ጀማሪዎች

ለቤት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ፋላኖፕሲስ የሚባለው ሰፋፊ ቅጠል ያለው ኦርኪድ ነው፤ የምንናገረውም ስለ እሱ ነው። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው እስያ ሲሆን በዱር የሚያድገው ዛፍ ላይ ተጣብቆ እንጂ አፈር ውስጥ ተተክሎ አይደለም። ሥሩ ውሃ የሚፈልገውን ያህል አየርም ይፈልጋል። ስለዚህ የትኛውም ምልክት ሲታይ ውሃ ከማንሳታችሁ በፊት ሥሩን እዩ።

ቅጠሉ ለስልሶ ተጨማደደ

አሳሳቹ ምልክት ይህ ነው። የተጠማውም፣ ውሃ የበዛበትም ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሥሩ የበሰበሰ ተክል ውሃ ውስጥ ቆሞም ይጠማል።

ሥሩ ብርማ ግራጫና ጠንካራ ከሆነ ጥም ነው። መትከያውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ዘፍዝፉና ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ አቆዩት፤ ሥሩ ወደ አረንጓዴ ይቀየራል። ቡናማ ሆኖ ሲጫኑት የሚሟሽሽ፣ ሲስቡት ልጣጩ ወልቆ ክር ብቻ የሚቀር ከሆነ ግን በስብሷል።

ለመበስበስ ዋናው ምክንያት አፈር ውስጥ መትከል ወይም ቀዳዳ የሌለው መትከያ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቀን ቆጥሮ ማጠጣት ነው። ኮምቦልቻ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ደሴ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ። ታች በሳምንት አንዴ የሚጠጣው ተክል ደሴ ላይ በክረምቱ ጉም 10 ወይም 12 ቀን ሊቆይ ይችላል። የሚታመነው የሥሩ ቀለም ነው፤ አረንጓዴ እያለ አታጠጡ።

የበሰበሰውን ለማዳን ተክሉን አውጥታችሁ አሮጌውን መደብ (ሥሩ የተቀበረበትን ነገር) በሙሉ ጣሉ፤ ሥሩን ለብ ባለ ውሃ እጠቡ። መቀስ በ70% አልኮል ጠርጋችሁ የሞተውን ብቻ ቁረጡ። የተቆረጠበት ጫፍ ላይ የቀረፋ ዱቄት ነካ አድርጉ፤ ጤነኛ ሥር ላይ እንዳይፈስ፣ ያደርቀዋል። ጥቂት ሰዓት ጥላ ውስጥ ይድረቅ። አዲሱ መደብ 3 እጅ የፓይን ቅርፊት፣ 1 እጅ የከሰል ስባሪ ይሁን፤ ስባሪው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አቧራው ታጥቦ ይውጣ። ለመትከያ የ2 ሊትር ሃይላንድ ቆርጣችሁ ታችና ጎኑን በጋለ ምስማር ብትበሱ፣ ከሚያምረው የሸክላ ዕቃ ይሻላል፤ ሥሩ በግልጽ ይታያል። ውሃ ከ3 ቀን በኋላ። የተጨማደደው ቅጠል ላይቃና ይችላል፤ መዳኑን የሚናገረው አዲስ ሥር ነው።

መሃሉ ጠቆረ፣ ሸተተ

ቅጠሎቹ ከሚገናኙበት ጉድጓድ ውሃ ገብቶ አድሯል ማለት ነው። በብርድ ሌሊት ደግሞ አይደርቅም። ማጠጣት ጠዋት ብቻ፣ ያውም ከሥር። ውሃ ከገባ በሶፍት ጫፍ አድርቁ። መበስበስ ከጀመረ ከፋርማሲ የሚገኝ 3% ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጥቂት ጠብ አድርጉበትና አረፋው ሲያበቃ አድርቁት። የመሃሉ ቅጠል ሲነካ ተነቅሎ ከወጣ አናቱ ሞቷል፤ አንዳንዴ ከጎን አዲስ ቡቃያ ስለሚሰጥ ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ቶሎ አትጣሉት።

እንቡጡ ሳይፈካ ረገፈ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ብርዱን ጠርጥሩ። ከ15 ዲግሪ በታች አይመቸውም፤ ማታ ከመስኮቱ መስታወት አርቁት። ብርድ ካልሆነ ጭሱን አስቡ። ወሎ ቤት ቡና ያለ እጣን አይፈላም፤ የከሰልና የእጣን ጭስ ውስጥ ደግሞ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ፣ እንቡጥ የሚያረግፍ። የበሰለ ሙዝም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ቡናውን ተዉ አይባልም፤ ኦርኪዱን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱት።

ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ፣ ኋላም የሚደርቅ ጠባሳ ወጣ

ፀሐይ አቃጥሎታል። የደጋ ፀሐይ አየሩ ቀዝቅዞም ያቃጥላል። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት የምሥራቅ መስኮት ይበቃዋል፤ ከረፋድ በኋላ ስስ መጋረጃ ጋርዱ። ጠባሳው አይጠፋም፣ ካልሰፋ ግን አይጎዳም። ከታች ያለው አንድ ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ እርጅና ነው፤ ራሱ እስኪለቅ ተዉት።

ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር

ተባይ ነው። በ70% አልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ፣ በተለይ የቅጠሉን ሥርና ጀርባ። እንቁላሉ ስለሚቀር በየሳምንቱ ለ4 ሳምንት ድገሙ።

ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን የለም

ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል የብርሃን እጥረት ምልክት ነው፤ ወደ መስኮት አስጠጉት። አበባ ለመያዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀን ከ25 ዲግሪ ያልበለጠ፣ ሌሊት 17 ገደማ የሆነ አየር ይፈልጋል። ደሴ ላይ ቅዝቃዜው ሞልቷል፣ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ብርሃን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጥቅምት ሲገባ ቀዝቀዝ ወዳለው ክፍል አዛውሩት። ለእርሻ የሚገዛውን ዳፕና ዩሪያ አታስነኩት፤ ሥሩን ያቃጥላል። የአበባ ፈሳሽ ማዳበሪያ ካገኛችሁ ማሸጊያው ከሚለው መጠን ሩቡን በውሃ በጥብጡና በወር ሁለቴ፣ ሥሩ ቀድሞ ከረጠበ በኋላ ስጡት።