ጅማ፦ የምዕራፍ 2 መንገድ ከምዕራፍ 1 አልገጥም ሲል

በሁለት ምዕራፍ የሚለማ የመኖሪያ ሽንሻኖ ከፕላን ግምገማ የተመለሰው በሁለት ምክንያት ነበር።

አንዱ ቀላል ነው። የምዕራፍ 1 ሥዕል በአዲንዳን፣ የምዕራፍ 2 በደብሊውጂኤስ 84 (ሁለቱ የተለያዩ የካርታ መጋጠሚያ መነሻዎች ናቸው) ስለተሠራ መንገዶቹ ከ200 ሜትር በላይ ተራርቀዋል። ሁለቱም «ዩቲኤም ዞን 37» (የካርታ ፍርግርግ ክልል) ስለሚሉ ስህተቱ ቶሎ አይታይም። መፍትሔው በኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ለእያንዳንዱ ትክክለኛውን ኮድ (20137 ለአዲንዳን፣ 32637 ለደብሊውጂኤስ) ሰጥቶ አንዱን ወደ ሌላው መቀየር፣ ከዚያ መሬት ላይ ባለ የታወቀ የቅየሳ ነጥብ ማረጋገጥ። በእጅ ጎትቶ ማጋጠም የወሰን ጭቅጭቅ መጥራት ነው።

ዋናው ራስ ምታት ቦዩ ነው። ላይኛው ምዕራፍ 2 (5 ሄክታር) ጎርፉን በታችኛው ምዕራፍ 1 (3 ሄክታር) በኩል ወደ አዌቱ ወንዝ ይለቃል፤ ቦዩ ግን የተሰላው ለ3 ሄክታር ብቻ ነበር። ከዝናቡ ጎርፍ የሚሆነው ድርሻ 0.6፣ ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊሜትር ቢባል (360 መለኪያዎቹን ወደ ሜትር ኩብ በሰከንድ የሚቀይር ቁጥር ነው)፦

0.6 × 60 × 3 ÷ 360 = በሰከንድ 0.3 ሜትር ኩብ
0.6 × 60 × 8 ÷ 360 = በሰከንድ 0.8 ሜትር ኩብ

ስለዚህ የምዕራፍ 1 ቦይና ከልቨርት (ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፍ ቱቦ) ከመነሻው ለ8 ሄክታሩ በሚበቃ ስፋት ተነድፎ እንደገና ቀረበ። የተነጠፈ መንገድ በኋላ መቆፈር ከዚህ እጅግ ይከፋል። ምዕራፍ 1 ላይ የሚቋረጠው መንገድ ጫፍም የቆሻሻ መኪና የሚዞርበት ጊዜያዊ ቦታ ተጨመረለት።