ብቻዎን በብስክሌት እስከ ሐዋሳ፦ ለበጎ አድራጎት ጉዞ የሚደረግ ዝግጅት

ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ብቻዎን በብስክሌት ሐዋሳ ለመሄድ ካሰቡ፣ ለማንም ከማሳወቅዎ በፊት ሙሉ ጭነቱን ጭነው ከለገጣፎ ሰንዳፋ ደርሰው ይመለሱ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ እንጦጦን ወጥተው ወደ ሱሉልታ ይውረዱ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ጨብጠው አይቆዩ፤ ያዝ ለቀቅ ያድርጉ። ያለዚያ ቸርኬው ግሎ የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። የሚላላውም የሚሰበረውም ከተማው ዳር፣ ጠጋኝ ቅርብ ሳለ ይታወቅ። ሰው ብር ካዋጣ በኋላ ባቱ መንገድ ላይ ሲታወቅ መዘዙ ብዙ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው የኋላ ቸርኬ ነው። የጭነቱም የጋላቢውም ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነው። በማርሹ በኩል ያሉት ሽቦዎች ይበልጥ የተወጠሩ፣ የሌላው ጎን ላላ ያሉ ናቸው። ውጥረቱ ካልተስተካከለ ሽቦው በየዙሩ ይተጣጠፍና መታጠፊያው ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ ባለ 36 ሽቦ ቸርኬ ይምረጡ፤ ከሰንዳፋ መልስም ባለሙያ ያጥብቅልዎ። መለዋወጫ ሽቦ ሲገዙ የሁለቱ ጎን ርዝመት ስለሚለያይ ከየጎኑ 3 ይያዙ። በማርሹ በኩል ያለውን ለመቀየር ጥርሱ መውለቅ አለበት፤ መፍቻውን የመንገድ ዳር ጠጋኝ ጋ አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ፣ ይዘው ይሂዱ።

ጎማ ባለ 26 ኢንች፣ ስፋቱ ከ1.75 እስከ 2 ቢሆን ይመረጣል። የውስጥ ጎማው አፍ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም ይሁን፤ ቀጭኑን አፍ የጎሚስታ መንፊያ አይዘውም። ጎሚስታው ሲነፋልዎ አጠገቡ ይቁሙ፤ መንፊያው ለመኪና የተሠራ ስለሆነ ትንሽ ከቆየ ያፈነዳዋል። ለኋላ ጎማ ከ50 እስከ 60 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል። በሐዋሳ መንገድ ላይ ጎማ የሚበሱት የግራር እሾህና ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የሚረግፍ ቀጭን ሽቦ ናቸው። ሽቦው ለዓይን አይታይም፤ ከመለጠፍዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉ፣ ጨርቁን ይይዘዋል። 2 የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና ፖምፓ አይለዩዎት።

ጭነት ከ15 ኪሎ አይለፍ። ከተሞቹ ሁሉ ማደሪያ ስላላቸው ድንኳን አያስፈልግም። የፖርቶ መጋላውን ብሎኖች በየማለዳው ይፈትሹ፤ ንዝረት ያላላቸዋል።

እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከቃሊቲ ይነሡ፣ የከባድ መኪናው ጫና ያኔ ይቀላል። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት የተከለከለ ነው፤ በገላን፣ በዱከምና በቢሾፍቱ በሚያልፈው በአሮጌው መንገድ ይሂዱ። የመጀመሪያው አዳር ሞጆ፣ ሁለተኛው ባቱ፣ ሦስተኛው ሻሸመኔ ይሁን። ለመጨረሻው ቀን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲቀር፣ ተቀባዮችዎን ባሉት ሰዓት ይደርሱላቸዋል። ከመነሣትዎ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ በየከተማው ያለ ሰው ደውለው ይጠይቁ፤ ካላማረ ቀኑን ያራዝሙ። ድርጅቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የጻፈውን ደብዳቤ ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ።

ከሞጆ ወዲያ ሙቀቱ ይበረታል፤ 4 ሊትር ውሃ ይጫኑ። በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልክ ልኩን ተሰፍሮ፣ ላብ የወሰደውን ይተካል። ለስንቅ በሶና ጭኮን የሚያህል የለም፤ ቆሎም በኪስ ይያዝ።

ገንዘቡን በተመለከተ ጥብቅ ይሁኑ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ይምረጡ፣ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ይዩ፤ ሕዝባዊ መዋጮ ለማሰባሰብ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም ድርጅቱ ይጨርስ። መዋጮው በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ይግባ እንጂ ወደ እርስዎ ቴሌብር አይምጣ። የማደሪያና የምግብ ወጪዎን ከኪስዎ ይሸፍኑ፤ ሌላ ሰው ከሸፈነልዎ ለብቻው ይጻፍና ይነገር። በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብር የሚባለውን ቃል አንመክርም። ጋላቢው ታሞም መሽቶበትም እንዲገፋ ያደርገዋል፤ የተቆረጠ መጠን ይሻላል። ጉዞው በመሃል ቢቋረጥም ገንዘቡ ለድርጅቱ እንደሚቀር በማስታወቂያው ላይ ይጻፉ።

አንድ ሰው ቤት ተቀምጦ ይከታተልዎ። ቀትር ላይና ማደሪያዎ ሲደርሱ መልእክት ይላኩለት፤ ከቀጠሮው 2 ሰዓት ካለፈ ወደ ማን እንደሚደውል ስልኩን አስቀድመው ይስጡት።