ልጆችን ይዞ በሲሸልስ ደሴቶች በመርከብ ለመዘዋወር ወሩን አስቀድሞ መምረጥ
ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥታችሁ የሲሸልስን ግዙፍ ኤሊዎችና የባሕር ወፎች በመርከብ እየተዘዋወራችሁ ለልጆቻችሁ ለማሳየት ካሰባችሁ፣ ከዋጋው በፊት ወሩን ምረጡ። ከግንቦት እስከ መስከረም የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ባሕሩን ስለሚያናውጠው፣ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ የልጆቻችን ረጅሙ የክረምት ዕረፍት ለዚህ ጉዞ አይመችም፤ ነፋሱ አቅጣጫውን በሚቀይርበት በፋሲካ ሰሞንና በጥቅምት መጨረሻ ግን ውሃው ይበልጥ ይረጋል። የደጋ ልጅ ሞገድ አያውቅምና የማቅለሽለሽ መከላከያ መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተማክራችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ስጡት፤ ክፍል ስትይዙም መናወጡ የሚያንስበትን፣ ከመርከቡ መሐል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ጠይቁ። አስቀድሞ በሐይቅ እስጢፋኖስ ዙሪያ በጀልባ ማንሸራሸር ልጁ ውሃን እንዳይፈራ ይረዳል እንጂ፣ ሐይቁ የባሕር ሞገድ ስለሌለው ሆዱ ይችል እንደሆነ አይነግራችሁም። ሲሸልስ ከኢትዮጵያ ከሚመጡ መንገደኞች የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለምትጠይቅና ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። በኩሪዩዝ ደሴት ኤሊዎቹ ያለ አጥር ስለሚንቀሳቀሱ፣ ልጆች ጀርባቸው ላይ እንዳይወጡ ከመርከብ ሳትወርዱ ንገሯቸው።